እንደ ወረቀት የሳሱ በሮች

መኪና ውስጥ አንገትን አስገብቶ ጽጌረዳ ከማሽተት የበለጠ የሚያቅለሸልሽ ነገር ያለ አይመስለኝም። መኪና ቤንዚን ይሽተት፣ ዘይት ይሽተት፣ ቢጠፋ ቢጠፋ የባለቤቱን ላብ ይሽተት። ጽጌረዳ የሚሸት መኪና የሆነ ነገር የሚደብቅ መኪና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሜልበርን ዳር፣ ክሬጊበርን ውስጥ አንድ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ያ ሽታ ከውስጥ ሲመታኝ፣ ከጽጌረዳው ሥር ደግሞ የምንጣፍ ማስቲሽና ያልደረቀ ቀለም ሲሸተኝ፣ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ገባሁ። ያመጣችኝ ሰላማዊት ናት። የሟቹ ጓደኛዬ የገረመው ብቸኛ ልጅ ናት፤ በሚቀጥለው እሑድ ታገባለች፤ አባቷ ስለሌለ በአባት ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ። «ጋሼ ደምሴ፣ ሰርፕራይዝ አለኝ፤ ለብሰህ ጠብቀኝ» ብላ ደውላ፣ ሴንት አልባንስ ከቤቴ አንስታ፣ መንገዱን ሙሉ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ነው ያመጣችኝ። እኔ ሰርፕራይዝ አልወድም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እኔ የማልወዳቸውን ነገሮች ከእናቷ ከአልማዝ ጋር እየቆጠሩ ሲስቁ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ።

መጋዘኑ የቢኒያም ነው። ቢኒ ይሉታል። አዳራሽ ያስጌጣል፣ ወንበር ያከራያል፣ የሙሽራ መኪና ያከራያል፤ ካልሲ የማያደርግ፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ፣ ጺሙ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ በዚህ በኩል እንከን የለውም። ከዚያ መብራቱን አበራና መሀል ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን ነገር ገለጠው። ነጭ መኪና ነው። ነጭ ስል ዓይን የሚወጋ፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለ ዓይነት ነጭ። ጎንና ጎኑ ላይ ወርቃማ መስመር ተስቦበታል፤ ኮፈኑ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተጣብቆበታል፤ ቸርኬው ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ሐምራዊ መብራት ይወጣል። ውስጡ በክሬም ቆዳ ተለብጦ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ቴሌቪዥን፣ ከመሀል የሻምፓኝ ማቀዝቀዣ፣ ከኋላ የበርሜል ክዳን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተጠቅጥቀውበታል። ቀፈፈኝ። አንዱ ገንዘብ ከፍሎ እንዲህ ያለ ነገር ያሠራል፣ ሌላው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ይሳፈርበታል። «እንዴት አዩት ጋሼ?» አለኝ ቢኒ። «ሐውልት ላይ ጎማ የገጠምክበት ነው የሚመስለው» አልኩት። ሰላማዊት ሳቀች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «አላወቅካትም? የአባዬ መኪና እኮ ናት» አለችኝ።

የገረመው መኪና ቀይ ነበረች፤ ቀይ እንኳ አትባልም፣ ግማሿ ቀይ፣ ግማሿ ቀለም ያልነካው ላሜራ ነበረች። ባለ ሁለት በር፣ የድሮ አውስትራሊያ ሠራሽ፣ አፍንጫዋ ረዘም፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ። ገረመው ሲታመም ነው ከእጁ የወጣችው፤ ከዚያ በኋላ ማን ገዛት፣ ማን ሸጣት አላውቅም፤ ተቆራርጣ ለቁራሌ ሄዳለች ብዬ ከተውኳት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክሁና የሾፌሩን በር ከፍቼ ጣቴን ወደ ማጠፊያው ሰደድኩ። በነጩ ቀለም ሥር ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ መጡልኝ፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ። የኔ ሥራ ነው። ሰው የገዛ እጅ ጽሑፉን እንደሚያውቅ አወቅኳቸው። እዚያው ተንበርክኬ ቆየሁ፤ እነሱ በደስታ የፈዘዝኩ መስሏቸው ቢኒ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳኝ።

የዚያን ጊዜ አገር ቤት ማን ወርዶ ማን እንደወጣ ብትጠይቁኝ እደናበራለሁ። የዳቦውንና የቤቱን ዋጋ ግን ጠይቁኝ። እኔና ገረመው ከሱዳን የመጣን ሰሞን ሴንት አልባንስ ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው የቬትናሞች ዳቦ ቤት ሁለት ዶላር ይዘህ ከገባህ፣ ሥጋና ካሮት የታጨቀበት ክንድ የሚያህል ዳቦ ታቅፈህ ትወጣለህ፤ መልስም አለህ። ጓሮው የሎሚ ዛፍ ያለው የጣውላ ቤት የሳምንት ኪራዩ ዛሬ ልጆቹ እሑድ ጠዋት ካፌ ተሰብስበው ለእንቁላልና ለአቮካዶ ከሚያወጡት ብዙም አይበልጥም ነበር። ልብሳችን ሁሉ ከእርዳታ ሱቅ ነው፤ ትከሻው የሰፋ የሽማግሌ ኮት፣ የማናውቀው ቡድን ስም የተጻፈበት ሹራብ። ገረመው ብቻ አንዲት ወይን ጠጅ ከፋይ ሱሪ ነበረችው፤ በየማለዳው እየተኮሰ ይለብሳታል። አፍሮው በር ሲገባ እሱን ቀድሞ ይገባል። ካሴቶቻችን ካርቱም ላይ የቅጂ ቅጂ ስለነበሩ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ ክሩ ሲወጣ በእርሳስ እየጠመዘዝን እንመልሰዋለን። ዛሬ ያ ሰፈር የጥፍር ቤትና የስልክ ሽፋን መሸጫ ሞልቶበታል፤ ዳቦ ቤቱ እንኳ አለ፣ ዳቦው ግን አጥሮ ዋጋው ረዝሟል። የባቡር ማቋረጫውም ቀርቶ ባቡሩን ከመንገዱ በታች አውርደውታል። ባቡሩ እስኪያልፍ ቆመን ስንት ወሬ የምንጨርስበት ቦታ ነበር።

ከማቋረጫው ወዲህ፣ ጥጉ ላይ፣ የሲኞር ብሩኖ ጋራዥ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ባትላሜራ ነበርኩ፤ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ ከማቅናት ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። እንግሊዝኛዬ ደግሞ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» አያልፍም። ሥራ ፍለጋ በሩ ላይ ቆሜ አንድ የተጨራመተ መኪና እየጠቆምኩ «ፓራፋንጎ» አልኩት፤ ቀና አለ። «ኮፈኖ» አልኩት፤ መዶሻውን አስቀመጠ። «ስቱኮ፣ ቸርኬ፣ ክሩስኮት፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ» እያልኩ የማውቀውን ሁሉ ስዘረግፍለት ሽማግሌው በሳቅ ፈርሶ ቱታ ወረወረልኝ። እኔ እነዚህ ሁሉ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር፤ የጣሊያን ቃል መሆናቸውን ያወቅሁት ሜልበርን መጥቼ ነው። እንዲሁ በመኪና ዕቃ ስም እየተግባባን ዓመታት ኖርን፤ ሚስቱ የሞተች ጊዜ እንኳ ደረቱን ይዞ «ሞተሯ ቆመ» ብሎ ነው ያረዳኝ። ሥራ ላይ ግን ቀልድ የለም። ስቱኮ አብዝተህ ጉድጓድ ስትሸፍን ካገኘህ መሬት ላይ ይተፋል። እኔም ከሱ የተማርኩት ይኸንኑ ነው፤ ያልተስተካከለ ነገር በቀለም ሲሸፈን ሳይ ዛሬም ምራቄ ይመጣል።

ገረመውን ወደ ጋራዡ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ተሳቢ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድና ዳገት ሲወጣ የኖረ ሰው። እዚህ ዕጣው ፎርክሊፍት ሆነ፤ መጋዘን ውስጥ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። አንድ እሑድ ብሩኖ ሁለታችንንም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የድራግ ሜዳ ወሰደን። ድራግ ማለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን በቀጥታው አስፋልት ተፈትልኮ፣ ጫፍ ቀድሞ የደረሰው የሚያሸንፍበት ነው። መታጠፊያ የለው፣ መመለሻ የለው፤ አቡነ ዘበሰማያት ተጀምሮ ሳያልቅ ያልቃል። እኔ ጆሮዬን ይዤ «በቃ ይኼው ነው?» ስል፣ ገረመው አፉን ከፍቶ ቀርቷል። «ደምሴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጭነት ተሸክሜ ነው የነዳሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ባዶዬን ልንዳ» አለኝ። ከዚያ በኦቨርታይም ገንዘቡ ያቺን መኪና ገዝቶ እየገፋ ብሩኖ በር ላይ አመጣት።

ብርቱ ሞተር የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ያለን መንገድ መኪናዋን ማቅለል ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስንጨርስ ጋራዡ የኛ ይሆናል። መጀመሪያ የኋላ ወንበሩ ወጣ፣ ከዚያ ምንጣፉ፣ ማሞቂያው፣ ሬዲዮው፣ የጣሪያው ጨርቅ። ይኼን ማንም ያደርገዋል። ከዚያ የኔ ተራ መጣ። ኮፈኑን ገልብጬ ከሥሩ የሚደግፈውን ላሜራ ቆርጬ አወጣሁ። መስታወቶቹን አውልቀን ቀጭን ፕላስቲክ አስገባን። ፓራፋንጎዎቹን ዓይን በማያይበት በኩል እንደ ወንፊት በሳኋቸው፤ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር። የበሮቹን ሆድ ዘረገፍኩ፤ የመስታወት ማውጫው፣ ከግጭት የሚያጠነክረው የውስጥ ብረት፣ ሁሉም ወጣ። ከውጭ ለሚያያት ማንም የነካት አትመስልም፤ የብሩኖ ሕግ ነበር ይኼ። በመጨረሻ በሮቹን አሲድ ገንዳ ውስጥ ነከርናቸው። ብሩኖ የጎማ ቡትና የጎማ ጓንት አድርጎ፣ እኛን ነፋሱ በማይመጣበት በኩል አቁሞ፣ ራሱ ነው የሠራው። አሲዱ ላሜራውን እየላሰ ያሳሳዋል፤ ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ሆኖ ትንፋሽ እንኳ ያርገበግበዋል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ግን ምን እንደሆነ የማይደብቅ ሽታ ነው። በውድድሩ ቀን ሾፌሩም ከመኪናው ጋር አብሮ ይመዘን ስለነበር ገረመው ሁዳዴን ጾሞ አጥንቱ ቀርቶ ሲመጣ ፈረንጆቹ «ሰውየውን ሐኪም አይቶታል?» እያሉ ብሩኖን ይጠይቁት ነበር። እሱ ግን «ከሷ የምታወርዱት ካጣችሁ ከኔ ገና አለላችሁ» ይለናል።

ያን ሁሉ አውጥተን አንድ ከባድ ነገር መልሰን አስገባን። ብሩኖ ወፍራም የቱቦ ብረት እያጎበጠ፣ ከወለሉ አንስቶ በጣሪያው ሥር አዙሮ፣ በበሮቹ በኩል አጋድሞ፣ የሾፌሩን ወንበር ዙሪያውን ከቦ በየደው። እኛ «ጎጆ» አልነው። ገረመው ያን ብረት ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ። «ስንት ቅዳሜ ያወጣነውን መልሰህ ልትጭንብኝ ነው?» አለው። ብሩኖ ቱቦውን በመዶሻ እየመታ፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «ላሜራው ለዓይን ነው፤ አንተ የምትቀመጠው እዚህ ውስጥ ነው» አለው። በጎጆው ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አንዳንዴ አሸነፈ፣ ብዙውን ጊዜ ተሸነፈ፤ ግን አንዴ ስትነሳ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ሲለቁ አይቻለሁ፤ በሮቿ በነፋሱ እየተርገበገቡ ሲያልፉ ሰምቻለሁ። ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የገረመው ፊት ላይ የነበረውን ነገር ከዚያ በኋላ በማንም ፊት ላይ አላየሁትም። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ ያቺ መኪና ናት ይቺ። እኛ የብሎን ክብደት እየተጨነቅን ያራገፍናትን፣ ይኼ ልጅ ቴሌቪዥን ጭኖባታል፣ ፍሪጅ ጭኖባታል፣ ከሠራናት ሰዎች ሁሉ ድምር የሚከብድ ድምፅ ማጉያ ጭኖባታል። አንገሸገሸኝ። የሞተ ሰው ልብስ ገፎ ለማያውቀው ሰው ያለበሰ ነው የመሰለኝ። ልሳደብ አፌን ስከፍት ግን ዓይኔ ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ከጣሪያው ወደ ወለሉ ወረደ። ክሬሙ ቆዳ ብቻ ነው የሚታየው። ምንጣፉን በጣቴ ገለጥ አደረግሁት። ጥጉ ላይ የተቆረጠ የቱቦ ጉቶ ቀርቷል።

«ጎጆው የታለ?» አልኩ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ውስጧ የነበረው የቱቦ ብረት!»

«ኦ፣ ኬጁን ነው?» አለ ቢኒ ደስ ብሎት። «እሱን አወጣነው። ሙሽሮች በካባ በዘውድ ሊገቡ አልቻሉም እኮ፤ አንዷ ካባዋ ተይዞ ተተረተረባት፣ ቪዲዮው ሁሉ ተበላሸ። ግራይንደር አመጣንና ሙልጭ አደረግነው። አሁን ስፔሱ አያምርም?»

«በሮቹንስ? ቀየራችኋቸው?»

«ኖ፣ ኖ፣ በሮቹ ኦሪጅናል ናቸው። ትንሽ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም፤ ለሠርጉም ሰሞኑን እንደገና ቀባናት። ሬጎዋም፣ የመንገድ ፈቃዷ፣ አለ፤ ሁሉም ነገር ሊጋል ነው።»

ኦሪጅናል! ጥላቻው እንዳለ ነው፣ ግን ፍርሃት መጣበት። ይህች መኪና አሁን አጥንቷ ወጥቶ ሥጋ የተጫነባት ናት። በሩ ባዶ ነው፣ በአሲድ የተላሰ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ሰው የሚያድነው ነገር ለካባ ሲባል ተቆርጧል። በዚህች ውስጥ ነው ሰላማዊትን አስቀምጠው ዋይንድሃም ቬል ከእናቷ ቤት አስነስተው፣ በፍሪዌይ፣ ከኮንቴይነር ጫኝ ከባድ መኪና ጎን ለጎን፣ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋላቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚነዷት። አንድ የቸኮለ ሾፌር በጎን ቢነካት የሚያቆመው ነገር የለም።

«በዚህች አትሄጂም» አልኳት።

«ቡክ አድርጌያለሁ ጋሼ።»

«ቡክሽን አፍርሺው።»

«ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ» አለ ቢኒ። «ስሎው ነው የምንነዳው። ስንት ሙሽራ አድርሳለች፣ አንድ ቀን ምንም ሆና አታውቅም።»

ስለ በሮቹ፣ ስለ አሲዱ፣ ስለ ጎጆው አስረዳኋቸው። ግን የዕድሜ ልክ ጠባዬ እዚያ ላይ ክፉኛ ከዳኝ። ሁሉን ነገር የሚጠላ ሰው አንድ ቀን እውነተኛ ነገር ሲናገር ማን ያምነዋል? ሰላማዊት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዲጄውን ጠላህ፣ አዳራሹን ጠላህ፣ ኬኩን ሳትቀምሰው ጠላህ። የሚዜዎቼን ቀሚስ መጋረጃ ነው አልክ። ዩ ሄት ኤቭሪቲንግ ጋሼ! ይቺን እንኳ ተዋት!» አለችኝ። መጋረጃ ነው እኮ። ኬኩም ኬክ አልነበረም። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ የመኪናዋን አበባ ታስተካክል ጀመር፤ ቢኒም ሽማግሌ እንደሚያባብል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሻይ ላምጣልዎ አለኝ።

ሻዩን ትቼ ከፍቼው ወደተውኩት የመኪናዋ በር ሄድኩና እንዳይዘጋ በአንድ እጄ ያዝኩት። መዳፌን ወርቃማው መስመር ላይ አሳረፍኩና፣ ሳልመታ፣ ሳልቀጠቅጥ፣ ክብደቴን ብቻ ሰጠሁት። ያ ሁሉ ነጭ ነገር ጓ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ቀለሙ ተሰነጣጠቀ፣ ስቱኮው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተነሳ ወለሉ ላይ ረገፈ። የሽማግሌ እጅ ነው ይኼን ያደረገው፤ ያውም ትከሻው የሚያመው።

«ጋሼ! ምን እያረጉ ነው!» ብሎ ቢኒ ሮጦ መጣ። ሊጮህ ነበር፤ ግን በሩን አየው። ተጎንብሶ ጎድጓዳውን በጣቱ ነካው፣ ከጫፉ ያለውን ላሜራ ነካው፤ ሲነካው ተርገበገበ። ፊቱ ተለወጠ። «እህቴም በዚችው ነው የተዳረችው» አለ ለራሱ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ በዚህች ለቀጠራቸው ሙሽሮች ሌላ መኪና ሊፈልግላቸው ወደ ውጭ ወጣ። ስጠላው የቆየሁት ልጅ ያን ጊዜ አሳዘነኝ።

ሰላማዊት ግን በሩን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ዓይኗ ሞልቷል። «ሆን ብለህ ነው» አለች። «እኔ አንድ ነገር ነው የፈለግሁት። አዳራሹን እማዬ መረጠች፣ ዲጄውን እጮኛዬ መረጠ፣ እኔ ይቺን ብቻ ነው ያልኩት። ፈልጌ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። አባዬ አንድ ቀን እንኳ አስገብቶኝ አያውቅም። ኖት ዋንስ! ቆማ እንኳ። በሯን ስነካ ይቆጣኝ ነበር። ከኔ እሷን ይወድ ነበር ጋሼ፤ ሞቶ እንኳ ያ ነገር ከሆዴ አልወጣም። አንድ ቀን ልግባባትና እሱ ያድርሰኝ ብዬ ነው።»

ይህን በሆዷ ይዛ እንደኖረች አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ። እኔና እናቷ ስለ ኬክና ስለ ቀሚስ ስንጨቃጨቅ፣ ልጅቱ ይህን ነበር ተሸክማ የምትዞረው።

«እዚያ ነበርኩ» አልኳት። «አንዱን ቀን አስታውሰዋለሁ። ትንሽ ነበርሽ፤ ቢጫ ካፖርት ለብሰሽ እናትሽ ጋራዥ ይዛሽ መጣች። የመኪናዋን በር ይዘሽ ልግባ፣ ልግባ ብለሽ መሬት ላይ ተንከባለልሽ። አባትሽ አንስቶ ታቅፎሽ ወጣ፤ ደረቱን በእርግጫ ስትመቺው አየሁ። እኔ ተቆጣሁት። ‹ሞተሯ ጠፍቷል፣ ቆማለች፣ ልጅቱን ምን አስለቀሰህ? ምን ትሆናለች?› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ዛሬ ቆማ ከገባች፣ ነገ ስትሄድ ልግባ ትላለች፤ እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልባትም› አለኝ። ‹የበሩን ሆድ የዘረገፍከው አንተ ነህ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ። ጎጆው የአንድ ሰው ነው። ልጄ በዚህ በር አጠገብ መቀመጥ እንዳትለምድ› አለኝ። እሱ በዚያው በር አጠገብ ተቀምጦ እሑድ እሑድ ይበራል፤ ላንቺ ግን ቆማ እንኳ አላመናትም። ከአንቺ እሷን ቢወድማ ከጎኑ ያስቀምጥሽ ነበር።»

ከውጭ የቢኒ ድምፅ ይሰማል፤ ስልክ ላይ አንዱን ይቅርታ ይጠይቃል። ሰላማዊት ወደ በሩ ቀረበች። ጥፍሮቿን ለሠርጉ አሠርታለች። እኔ ያልነካሁትን ቦታ መርጣ አውራ ጣቷን አሳረፈችና ገፋ አደረገችው፤ ላሜራው ምንም ሳይታገል ገባላት። እጇን ወዲያው መልሳ ደረቷ ላይ ያዘችው። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ከዚያ ክፍቱን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች፤ እኔን አላየችኝም።

«እሺ አባዬ» አለች፤ «አልገባም።»